«ዲዋሊ አይደል እንዴ?» ስለ ኡጋዲ የምንሳሳታቸው ነገሮች

መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ገና ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። ያኔ የምኖረው ቫይዛግ ነበር። ሙሉ ስሟ ቪሻካፓትናም ነው። በደቡብ ምሥራቅ ሕንድ፣ አንድራ ፕራዴሽ ክልል ውስጥ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። አንድራ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ስለሆነ፣ ለማስተርስና ለዶክትሬት የሄደ ሐበሻ አይጠፋባትም።

ስከፍት አከራዬ ቆመዋል። አማ ነው የምላቸው፤ እዚያ አገር ለእናት የሚባለው ነው። ገና ታጥበው ስለወጡ ፀጉራቸው እርጥብ ነው። አዲስ ሳሪ ለብሰዋል። በእጃቸው ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል። ውስጡ ቡናማ ፈሳሽ ነው። ላዩ ላይ የተከተፈ አረንጓዴ ነገርና ጥቃቅን ነጫጭ አበባ ተንሳፍፏል።

«በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው» አሉኝ። «እስካሁን ምንም አልቀመስክም አይደል ባቡ?» ባቡ፣ ልጄ እንደማለት ነው።

ሁዳዴ ነው። ምን ልቀምስ! እስከ ስድስት ሰዓት እጾማለሁ ማለት ነበረብኝ፤ አፈርኩና ጠጣሁ። መጀመሪያ ጣፈጠኝ። ወዲያው ኮመጠጠኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ጉሮሮዬን አቃጠለው። ጨረስኩት ስል ደግሞ ከምላሴ ሥር ምሬት ተነሣ፤ ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። አማ ፊቴን እያዩ ይስቃሉ። «ኡጋዲ ሹባካንክሻሉ!» አሉኝ። እንኳን ለኡጋዲ በዓል አደረሰህ ማለታቸው ነው። አዲስ ዓመት ገብቷል።

የሳህኑን ፎቶ አንስቼ ለቤተሰብና ለጓደኞች ስልክላቸው የመጣው መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። አንዱ «ዲዋሊ አይደል እንዴ?» አለ። ሌላዋ «ቀለም አልተረጫጫችሁም?» አለች። አክስቴ «የጥንቆላ ነገር እንዳይሆን ተጠንቀቅ» አለችኝ። አልፈርድባቸውም። እኔም ከመሄዴ በፊት ከእነሱ የተሻለ አላውቅም ነበር።

«የሕንድ አዲስ ዓመት ዲዋሊ ነው»

ሕንድን ያወቅናት በፊልም ነው። ያደግንበት ፊልም ደግሞ በአብዛኛው የሂንዲ ፊልም ነው። ዘፈኑም፣ ሠርጉም፣ በዓሉም የሰሜኑ ነው። ከዚያ የተነሣ «ሕንድኛ» የሚባል አንድ ቋንቋ፣ አንድ አለባበስና አንድ አዲስ ዓመት ያለ ይመስለናል። የሕንድ ሕገ መንግሥት በስም የሚዘረዝራቸው ቋንቋዎች ብቻ 22 ናቸው። የኡጋዲ ባለቤቶች ቴሉጉና ካናዳ ተናጋሪዎች ናቸው (ካናዳ ስል አገሩን አይደለም፤ በካርናታካ ክልል የሚነገረውን ቋንቋ ነው)። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ አፉን በቴሉጉ የፈታ ከ81 ሚሊዮን ሰው በላይ ነበር። ካናዳ ደግሞ ወደ 44 ሚሊዮን ይጠጋል።

ዲዋሊ የመብራት በዓል ነው። በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ ይውላል። አዲስ ዓመት የሚሆነው ለጉጃራቶች ነው፤ ለእነሱም ቢሆን ማግስቱ ነው። የጉጃራት ነጋዴዎች በዲዋሊ አዲሱን የሒሳብ መዝገብ ያስባርካሉ፣ በማግስቱ «አዲስ ዓመት» ይባባላሉ። ለአማ ግን ዲዋሊ ትልቅ በዓል ቢሆንም ዓመት አይለውጥም።

በመጋቢትና በሚያዝያ መካከል ደግሞ የአዲስ ዓመት ጎርፍ አለ። አንድራ፣ ቴላንጋናና ካርናታካ ኡጋዲ ይላሉ። ማሃራሽትራ፣ ማለትም የሙምባይ አገር፣ በዚያው ቀን ጉዲ ፓድዋ ብሎ ያከብራል። ሚያዝያ 6 ወይም 7 ላይ ታሚሎች የራሳቸውን፣ ቤንጋሎች ፖይላ ቦይሻክን፣ አሳሞች ቦሃግ ቢሁን፣ ኬረላዎች ቪሹን ያከብራሉ።

ቪሹ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ለእኛ ቅርብ ነው። ወላጆቻችንን ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩት የሕንድ መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። ዱባይና ኩዌት የኖረ ሰውም ጎረቤቱ ወይም የሥራ ባልደረባው ኬረላ መሆኑ አይቀርም። የቪሹ ዋዜማ ሌሊት የቤቱ ትልቅ ሰው አንድ ጥግ ላይ ሩዝ፣ ፍራፍሬ፣ ቢጫ ዱባ መሰል ኪያር፣ ሳንቲም፣ መስተዋትና የአምላካቸውን የክሪሽናን ምስል ይደረድራል፤ ፋኖስ ያበራል። ልጆቹ ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቀሳሉ። ዓይናቸውን ተይዘው ይመጡና እዚያ ሲደርሱ ይገልጣሉ። የዓመቱ የመጀመሪያ እይታቸው ያ እንዲሆን ነው። ከዚያ ትልልቆቹ ለልጆች ብር ይሰጣሉ። ከሁሉ በላይ የማይቀረው ደግሞ ኮና የሚባል ቢጫ አበባ ነው። ቢጫ አበባ ለአዲስ ዓመት! አደይን አስታወሰኝ።

«ቀለም የሚረጩበት አይደል?»

አይደለም። ያ ሆሊ ነው። ሆሊ ጨረቃ ስትሞላ ይውላል፣ ኡጋዲ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አዲስ ጨረቃ ስትወለድ። በዚያ ዓመት ሆሊ የካቲት 29 ነበር። ኡጋዲ ላይ ቀለም ካየህ መሬት ላይ ነው። ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ ደጁን ጠርገው፣ ውኃ ረጭተው፣ በሩዝ ዱቄት ሥዕል ይሥላሉ፤ ሙጉ ይባላል። አማ በመጀመሪያ ነጠብጣብ ብቻ ይደረድራሉ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ዱቄቱን እያንጠባጠቡ ነጠብጣቡን በአንድ መስመር ያያይዙታል። እጃቸው አይነሣም፣ አይሳሳትም። እኔ ሞክሬ ነበር። ያደረግኩት ነገር ዱቄት የተደፋ ነው የሚመስለው።

«ቀኑን ቄሶቻቸው እንደፈለጉ ነው የሚያደርጉት»

ይህን ያለኝ ሰው መጽሔት ላይ የበዓሉ ቀን በየዓመቱ ሲቀያየር አይቶ ነው። እውነትም ይቀያየራል። በ2015 መጋቢት 13 ነበር። በ2016 ሚያዝያ 1። በ2017 መጋቢት 21። በ2018 መጋቢት 10። በ2019 ደግሞ መጋቢት 29 ነው የሚውለው። ለሚያይ ሰው ሎተሪ ይመስላል።

ልዩነቱን ግን ቁጠሩት። ከ2016 ወደ 2017፣ ከዚያም ወደ 2018 ስንመጣ ቀኑ አንዴ 10፣ አንዴ 11 ቀን ወደ ኋላ ሸሸ። ከ2018 ወደ 2019 ደግሞ 19 ቀን ወደ ፊት ዘለለ። 11 እና 19 ሲደመር 30።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ጥንተ አበቅቴ 11 ነው። ጥንተ መጥቅዕ 19 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30። የአብነት ተማሪ ሳይገባው በቃሉ የሚሸመድደው ቁጥር ቫይዛግ ውስጥ የአንድ ሂንዱ አሮጊት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።

ምስጢሩ ሰማይ ላይ ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ገደማ ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ከሩብ። በየዓመቱ 11 ቀን ይጎድላል። ዝም ከተባለ ኡጋዲ እያፈገፈገ ክረምት ውስጥ ይገባል፤ የእስልምና በዓላት በየወቅቱ የሚዞሩት በዚህ ነው። ሂንዱዎቹ ዝም አላሉም። ጉድለቱ ተጠራቅሞ ወር ሲያክል፣ ሁለት ዓመት ተኩል አልፎ ማለት ነው፣ አንድ ሙሉ ትርፍ ወር ይጨምራሉ። በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ። በ2018 የተጨመረው ከግንቦት 9 እስከ ሰኔ 8 ያለው ነው። ትርፉ ወር የራሱ ስም የለውም፤ የሚቀጥለውን ወር ስም ተውሶ ነው የሚቀመጠው። ሠርግም አይሠረግበትም። ጳጉሜን ሙሉ ወር ሆና፣ ያውም በየዓመቱ ሳይሆን ስትፈልግ እየመጣች፣ ሙሽሮችን ስታስጠብቅ አስቡት።

እና ቄሱ ቀን አይመርጥም። ያሰላል። ጨረቃ ከጠፋች በኋላ ባለው የመጀመሪያ የጨረቃ ቀን፣ ያ ቀን ፀሐይ ስትወጣ ከያዘ፣ ኡጋዲ ነው። ወሩ ቻይትራ ይባላል።

«እነሱም እንደኛ በራሳቸው ካላንደር ነው የሚኖሩት»

ይህ የኔ ስሕተት ነበር። የራሳቸው አዲስ ዓመት ካላቸው በራሳቸው ቀን ይጻጻፋሉ ብዬ ነው። አይጻጻፉም። ቢሮው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የልደት ሰርተፊኬቱ ሁሉ በፈረንጅ ቀን ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረውም ኤፕሪል 1 ነው። የአገሩን ቀን የሚፈልጉት ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለቤት ምርቃት፣ ለሙት ዓመት ነው።

መንግሥት አንድ ለማድረግ ሞክሮ ነበር። ከነጻነት በኋላ በፊዚክስ ሊቁ ሜግናድ ሳሃ የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመና በየክልሉ ያለውን የካላንደር ብዛት መረመረ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከማርች 22 ቀን 1957 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ካላንደር ታወጀ። ጨረቃን ተወና ፀሐይን ያዘ። ቻይትራ 1 በየዓመቱ ማርች 22 ላይ ሆነ (የፈረንጅ ዓመት 366 ቀን ሲሆን ማርች 21)። ዛሬም የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ይታተማል። ሕዝቡ ግን በዓሉን በጨረቃው ማክበር ቀጠለ። በዚህ የተነሣ መንግሥት የሚያውቀው ቻይትራ 1 አለ፣ አማ የሚያውቁት ቻይትራ 1 አለ። እኔ በሩ የተንኳኳብኝ ዓመት እንዳጋጣሚ ሁለቱ በአንድ ቀን ዋሉ።

ዘመኑ ሻካ ይባላል። የሚቆጠረው ከእ.ኤ.አ. 78 ጀምሮ ነው። እና በዚያ ማለዳ 1945 ገባ። እኛ 2015 ላይ ነን። ፈረንጅ ሲያገኘን «ሰባት ዓመት ወጣት ሆንኩ» እያለ ይቀልዳል። ከሻካ አንጻር ግን እኛ 70 ዓመት ቀድመናል! ለአማ ስነግራቸው አልሳቁም። ለእሳቸው ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ዓመቱን በስሙ ነው የሚያውቁት።

ስም ስል፣ እንደኛው ነው። እኛ ዘመነ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልን በአራት እንዞራለን። እነሱ 60 ስም አላቸው። ከፕራባቫ ይጀምራል፣ በአክሻያ ያልቃል፣ እንደገና ይዞራል። የእኛ ዘመነ ሉቃስ ከተጋመሰ በኋላ የገባው የእነሱ ዓመት ሾባክሩት ይባላል፤ 37ኛው ነው። እና የአማ ባለቤት በዚያ ጠዋት ከሁላችንም በላይ ደስ ብሏቸው ነበር። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ያም ዓመት ሾባክሩት ነበር። የተወለዱበት ስም ዞሮ መጣላቸው። በቴሉጉዎች ዘንድ አንድ ሰው 60 ሲሞላ ከሚስቱ ጋር እንደገና ይሞሸራል። ልጆችና የልጅ ልጆች አጅበውት የጋብቻውን ክር አንገቷ ላይ ሁለተኛ ያስርላታል። አማ ስለ ሳሪው ቀለም ከስድስት ወር በፊት ጀምረው ይጨቃጨቁ ነበር።

«ጣፋጭ ነው የሚበላበት፣ ዓመቱ እንዲጣፍጥ»

ወደ ሳህኑ እንመለስ። ስሙ ኡጋዲ ፓቻዲ ነው። ስድስት ጣዕም እንዲኖረው ግድ ነው። ጣፋጩ ያልተጣራ የሸንኮራ አገዳ ስኳር ነው፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይሸጣል፣ ይፈገፈጋል። ኮምጣጣው ሮቃ ነው፤ ሐረርና ድሬዳዋ ሁመር የሚሉት። ጨው አለ። የሚያቃጥል ቃሪያ ወይም ቁንዶ በርበሬ አለ። አፍ የሚይዘው ጎምዛዛ ጣዕም ከጥሬ ማንጎ ይመጣል፤ ከነልጣጩ ደቆ ይከተፋል። ስድስተኛው የኒም አበባ ነው።

ኒምን ድሬዳዋ የኖረ ያውቀዋል፤ መንገድ ዳር ለጥላ የሚተከለው ዛፍ ነው። ቅጠሉን የነካ ሰው ጣቱን አይልስም። አበባው የሚፈነዳው ልክ በኡጋዲ ሰሞን ነው። በዋዜማው ገበያው መግቢያ ላይ ሴቶች በእቅፍ በእቅፍ እየከመሩ ይሸጡታል። አማ ማታ ቁጭ ብለው አበባውን ከግንዱ ሲለቅሙ አየሁ። ትንሿን አረንጓዴ ዘንግ በጥንቃቄ ይጥላሉ፣ ነጩን ብቻ ያስቀራሉ። «ዘንጉ ከገባ ይመራል» አሉኝ። አበባው ራሱ መራራ አይደል እንዴ ብል፣ «የሚበቃው ምሬት አለ፣ የማይበቃ አለ» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁንም አልገባኝም።

ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰንጠረዥ ይዞራል። ጣፋጩ ደስታ፣ መራራው ሐዘን፣ የሚያቃጥለው ቁጣ፣ ጨው ፍርሃት፣ ኮምጣጣው መጸየፍ፣ ማንጎው ድንገተኛ ነገር ነው ይላል። ሰንጠረዡን ለአማ አሳየኋቸው። «ጥሩ ነው» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። ጎረቤታቸው ደግሞ ኮምጣጣውን ለሌላ ነገር ሰጠችው። ሁሉም የሚስማማበት ነጥብ አንድ ነው፤ ስድስቱም በአንድ ጉንጭ ይገባሉ፣ ማንም ማንጎውን ለቅሞ መራራውን አይተውም። ካርናታካ ውስጥ ነገሩ ያጥርና የኒም ቅጠል ከስኳሩ ጋር ብቻ ይሰጣል። ስሙም ቤቩ ቤላ፣ ኒምና ስኳር ማለት ነው።

ጣፋጭ የለም ማለቴ አይደለም። ምሳ ላይ ቦባትሉ አለ። ስስ ቂጣ ነው፣ ውስጡ በስኳር የበሰለ የሽምብራ ክክ ተሞልቶ በቅቤ የሚጋገር። ቅቤው አገደኝ እንጂ ሽታው ብቻ ያጠግባል። ፓቻዲው ግን ከስድስቱ አንዱም የፍስክ አይደለም። ሌላ የሚጠነቀቁበት ነገር ግን አለ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ካለው የአምልኮ ጥግ ቀርቦ ነው ለሰው የሚታደለው። እኔ ይህን ያወቅኩት ከጠጣሁ በኋላ ነው። ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው ቀድሞ ቢጠይቅ ደግ ነው። «አልቀምስም» ቢባሉም አይቀየሙም፤ ሙስሊም ጎረቤታቸው ቦባትሉን እንጂ ፓቻዲውን አይቀበልም፣ እሳቸውም ቦባትሉውን ለብቻው ያዘጋጁለታል።

«መጽሐፍ ገልጠው ይጠነቁላሉ»

አክስቴ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ግን ሙሉ በሙሉም ልክ አይደለችም።

ከሰዓት በኋላ ሰው ቤተ መቅደስ ይሰበሰባል። አዋቂው የአዲሱን ዓመት ፓንቻንጋም ያነባል። ቃሉ አምስት ክፍል ማለት ነው፤ የጨረቃው ቀን፣ የሳምንቱ ቀን፣ ጨረቃ ያለችበት የኮከብ ሰፈር፣ እና ከፀሐይና ከጨረቃ ቦታ የሚሰሉ ሁለት ሌሎች ክፍሎች። ይሄኛው ስሌት ነው። ግርዶሽ መቼ እንደሆነ፣ ትርፉ ወር የት እንደሚገባ የሚታወቀው ከዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ትንበያው ይመጣል። ዝናቡ እንዴት ነው? የትኛው እህል ይወደዳል? ለእያንዳንዱ ኮከብ ደግሞ አራት ቁጥር ይነበባል፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ክብር፣ ውርደት። የአማ ባለቤት የልደት ቀኔን ጠይቀው ፈለጉልኝ። ወጪዬ ከገቢዬ በልጦ ተገኘ። ይህን ለማወቅ ኮከብ አያስፈልግም ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኪስ ማየት ይበቃል።

አምናለሁ? አላምንም። እነሱስ? እንደ ሰዉ ነው። አማ ለሠርግ ቀን ይጠነቀቁበታል፣ በገቢና ወጪው ይሳለቁበታል። በቴሉጉ ክልሎች መንግሥትም ንባቡን በይፋ ያዘጋጃል፤ ዋና ሚኒስትሩ ተቀምጦ ይሰማል። የፖለቲካ ፓርቲዎችም በየጽሕፈት ቤታቸው ያስነብባሉ። ኮከቡ አንድ ሆኖ ሳለ ለእያንዳንዱ ባለቤት ጥሩ ጥሩው እንደሚነበብ ሰዉ ራሱ ይቀልድበታል። በዚያው ሰሞን ገጣሚዎችም ለአዲሱ ዓመት የጻፉትን ያነባሉ። ይህኛው ለኔ ከኮከቡ ይሻላል፤ ቴሉጉ ሳልችል እንኳ ቤት ሲመታ ጭብጨባው ያስታውቃል።

«ሂንዱ ስለሆኑ ሥጋ የለም»

በማግስቱ ካርናታካ ውስጥ ቤንጋሉሩ ከተማ የሚማር ጓደኛዬ ደወለ። «ወንድሜ፣ ሥጋ ቤቱ ደጅ ያለውን ሰልፍ ብታይ የፋሲካ ዋዜማ ሾላ ገበያ ነው የምትለው!» አለኝ።

የኡጋዲ ዕለት ያለ ሥጋ ይዋላል። በደቡብ ካርናታካ ግን ማግስቱ ሆሳቶዳኩ ይባላል። በዋናነት በበግና በፍየል ሥጋ የሚከበር ቀን ነው። ሰው ጎህ ሳይቀድ ይሰለፋል። መንደር ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፣ ገንዘብም ያስይዛሉ። ሁሉም ሂንዱ አትክልት ብቻ ይበላል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም ማለት አልችልም፤ ከፊልሙም፣ ከሆቴሉም ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ጥናት ግን ሥጋ አልበላም ያሉት ሂንዱዎች 44 ከመቶ ናቸው ይላል። ከግማሽ በላዩ ይበላል። በየትኛው ቀን፣ የማንን ሥጋ፣ በየትኛው ድስት የሚለው ነው ጥንቃቄው። እኛ ረቡዕና ዓርብ ያለን ሕዝብ ይህን ለመረዳት መቸገር አልነበረብንም።

የሚያስቀው ግን እኔ ክርስቲያኑ ጾም ላይ፣ ሂንዱዎቹ ሥጋ ሰልፍ ላይ መሆናችን ነው።

«ያ ዱላ ላይ የሚሰቀለው ጣዖት ነው» እና ሌሎች

ሙምባይ የሄዱ ሰዎች የሚጠይቁት ነው። ጉዲ ይባላል። ረጅም ቀርከሃ ነው። ጫፉ ላይ ደማቅ የሐር ጨርቅ፣ የኒምና የማንጎ ቅጠል፣ የስኳር ከረሜላ ሐብል ይታሰራል፤ ከላይ የመዳብ ወይም የብር ማሰሮ ተገልብጦ ይደፋበታል። በመስኮት ወይም በደጅ ይቆማል። ምልክቱ የድል ሰንደቅ ነው፤ በዓሉ ጉዲ ፓድዋ የተባለውም በሱ ነው። አመሻሽ ላይ ይወርዳል።

«ዓለም የተፈጠረበት ቀን ነው ብለው ያምናሉ» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ስሙ ከሳንስክሪት «ዩጋ» እና «አዲ» የመጣ ነው፣ የዘመን መጀመሪያ ማለት ነው። ብራህማ ፍጥረትን የጀመረው በዚህ ቀን ነው የሚል ትረካ አላቸው። ማሃራሽትራ ውስጥ ስትጠይቅ ግን ስለ አምላካቸው ራማ መመለስ ወይም ሻሊቫሃና ስለሚባል ንጉሥ ድል ይነግሩሃል። ገበሬውን ብትጠይቀው ማንጎው አፍርቷል፣ ኒሙ አብቧል፣ የበጋው እህል ገብቷል ይልሃል።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን 2018፣ ፓቻዲውን ራሴ ለመሥራት ሞከርኩ። እንደገና ሁዳዴ ነው። ሁመሩን መርካቶ አገኘሁ። ጥሬ ማንጎ የሸጠችኝ ልጅ «ይሄማ አልበሰለም» ብላ ልትለውጥልኝ ታገለች። በአገዳው ስኳር ፈንታ ቡናማ ስኳር አደረግኩ። የኒም አበባ ግን ከየት ይምጣ? ቆይቼ ጓዳ ውስጥ የእናቴን ጌሾ አየሁና ቁንጥር አርጌ ጨመርኩበት።

ለአማ በቪዲዮ ደወልኩ። በፊታቸው ያለው ሳህን የእሳቸው ነው፣ በፊቴ ያለው የኔ። የዓመቱ ስም ፓራባቫ ነው አሉኝ። ትርጉሙን ጠየቅኳቸው። «ሽንፈት» አሉና ሳቁ።

«የኒሙን ነገር ምን አደረግክ ባቡ?»

ጌሾውን ወደ ካሜራው አስጠጋሁት። ምን እንደሆነ ለማስረዳት ቃል አጣሁ፤ የቢራ ቅጠል ብል ሊደነግጡ ነው።

«ይመራል?»

«ይመራል አማ።»

«ዘንጉን ለቅመሃል?»

አልለቀምኩም ነበር።